የላዳዋ ቤንዚን ፓምፕ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ካቀረቡት ንግግር)

ባለፈው ወር ከብድር ሣጥናችን ገንዘብ እንዲሰጠኝ ማመልከቻ አስገብቼ በሳምንቱ መልሼ ወሰድኩት። «ምን ነክቷት ነው?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ምክንያቱ ይኸው በእጄ የያዝኩት ዕቃ ነው። ከፊት ጀምራችሁ ተቀባበሉት፤ ታጥቧል፣ አያቆሽሽም።

ባለቤቴ ትቶልኝ ያረፈው አንዲት ላዳ ታክሲ ነው። የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያም የቤት ኪራዩም የሚወጣው ከእሷ ነው። ክረምቱ እንደወጣ ዳገት ላይ እየተንገጫገጨች መቆም ጀመረች። ጋራዥ ስወስዳት «ሞተሩ አልቋል፣ ወርዶ ይታደስ» አሉኝ። የጠሩልኝን ዋጋ ሰምቼ ነው ወደ እናንተ የሮጥኩት።

የሰፈራችን አንድ አዛውንት መካኒክ ግን ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ብረት መዘዙና አሸተቱት። «እስኪ አንቺም አሽትቺው፤ ምን ይሸትሻል?» አሉኝ። ቤንዚን፣ ቤንዚን ይላል። ዘይቱም ከልኩ አልፎ ሞልቷል፤ እንደ ውሃ ቀጥኗል። «ጋሼ፣ ሳይጨመርበት ዘይት እንዴት ይበዛል?» አልኳቸው። ያኔ ነው ፓምፑን ፈትተው ያሳዩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤንዚኑ ታንክ ከኋላ ነው፤ ካርቡሬተሩ ደግሞ ከፊት፣ ያውም ከፍ ብሎ። ስለዚህ ስቦ የሚያመጣለት ይፈልጋል። አዲሶቹ መኪኖች ታንኩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አላቸው። እንደ ላዳ ባሉት አሮጌዎች ግን ሥራው የዚህ ከሞተሩ ጎን የሚታሰር ፓምፕ ነው። የአንጥረኛ ወናፍ ያየች ሴት አሠራሩ አይጠፋትም። ሞተሩ ውስጥ በሚዞረው ዘንግ ላይ አንድ ወገኑ ያበጠ ቦታ አለ። እሱ በዞረ ቁጥር ትንሽ የብረት ዱላ ይገፋል፤ ዱላው የፓምፑን ምላስ ያንቀሳቅሳል፤ ምላሱ ደግሞ ዲያፍራም የሚባለውን ስስ ሽፋን ወደ ታች ይስበዋል። ያኔ የመግቢያው ቫልቭ ተከፍቶ ቤንዚን ይገባል። ሽፋኑን መልሶ ወደ ላይ የሚገፋው ግን ሞተሩ አይደለም፤ ከሥሩ ያለችው ስፕሪንግ ናት። መግቢያው ይዘጋል፣ መውጫው ይከፈታል፣ ቤንዚኑም ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል። ካርቡሬተሩ ሲጠግብ በሩን ይዘጋል። ሽፋኑ እዚያው ታች ይቆያል፣ ምላሱም ባዶውን ይወዛወዛል። ሞተሩ ምንም ያህል ቢሮጥ ከስፕሪንጓ አቅም በላይ አይገፋም፤ ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ ነው። የመኪና ጎማ እንኳ የሚነፋው ወደ 2 ባር ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ጉልበት ያን ሁሉ ዓመት ቤተሰብ ስታበላ መኖሯ እኔን ይደንቀኛል።

አሁን ያቺን ከጎኑ ያለች ቀዳዳ እዩልኝ። ላዳ ላይ ሽፋኑ አንድ አይደለም። ከላይ የሚሠሩት አሉ፤ ከታች ቤንዚን ወደ ሞተሩ ዘይት እንዳይወርድ የሚጠብቅ ሌላ አለ። ቀዳዳዋ በመካከላቸው ናት። የላዮቹ ሲቀደዱ ቤንዚኑ በእሷ በኩል ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱ አይቶ እንዲያስጠግን ነው። የእኔዋ በሳሙና ተደፍና ተገኘች! ማን እንደደፈናት እስካሁን አላወቅሁም። መውጫ ያጣው ቤንዚን ያረጀውን የታችኛውን ሽፋን አልፎ ዘይቱ ውስጥ ገባ። በቀጠነ ዘይት ጥቂት ወር ብትነዳ ኖሮ «ሞተሩ አልቋል» ያሉኝ ቃል እውነት ይሆን ነበር።

ፓምፑም፣ ዘይቱም፣ የዘይት ፊልትሩም ተቀየረ። ሁሉም ተደምሮ ልበደር ካሰብኩት አንድ አሥረኛውን እንኳ አልፈጀም። ሲታሰር በፓምፑና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ወፍራም ማገጃ አትጣሉ፤ ሙቀት ይከላከላል፣ ዱላው ምን ያህል ብቅ እንደሚልም የሚወስነው እሱ ነው። ፓምፑን ለመፈተን በእጅ የሚጫኑት መንቀሳቀሻ አለው። የካርቡሬተሩን ቱቦ ነቅላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉና ተጫኑት፤ በየጭኑ ፊን እያለ መውጣት አለበት። እጃችሁ ላይ ባዶ ከሆነባችሁ ቶሎ አትፍረዱበት፤ ያበጠው ቦታ ዱላውን ገፍቶ ቆሞ ይሆናል፤ ሞተሩን ትንሽ አዙራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

ላዳዋ በር ላይ ቆማለች። ቡናው እስኪደርስ ማየት የምትፈልጉ ኮፈኑን እከፍትላችኋለሁ። ሞተሩ ግን እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ፤ የቡናውንም ከሰል እባካችሁ ወደዚያ አታስጠጉት።