ግንብ የሌላት ባክቴሪያ

እናንተ የዛሬ ተመራቂ የእንስሳት ሐኪሞች፣

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ቤት ተጠራሁ። ፍየሎቻቸው አንገታቸውን ዘርግተው ይስላሉ፣ ያቃስታሉ። ከጉሮሯቸው ቆጥበው ፔኒሲሊን ገዝተው አስወግተዋል፤ ግን አምስት ሞተውባቸዋል። የአንዷን ደረት ስከፍት አንደኛው ሳንባዋ እንደ ጉበት ጠጥሯል፣ ዙሪያውን ቢጫ ውኃ አቁሯል። «ልጄ፣ የሸጡልኝ መድኃኒት ውሸት ነው?» አሉኝ።

ውሸት አልነበረም። ፔኒሲሊን ባክቴሪያ በዙሪያዋ የምትገነባውን ግንብ እንዳትጨርስ ግንበኛውን ይይዛል። ፍየሎቹን የገደለችው ማይኮፕላዝማ የተባለችው ባክቴሪያ ግን ግንብ የላትም፤ ያላት አንድ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ግንበኛ በሌለበት ማንን ይያዝ? ሽፋኗን የምታጠነክርበትን ኮሌስትሮል እንኳ ከታመመው እንስሳ ነው የምትወስደው። ቅርጿ አይጸናም፤ ሌሎች ባክቴሪያዎችን በሚያስቀር ማጣሪያ ሾልካ ታልፋለች። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ግን የሚያገኛት በሌላ በር፣ ፕሮቲን በምትሠራበት ራይቦዞም በኩል ነው።

የከብት ሳንባ በሽታ የምታመጣውን ዘመዷን ኖካርና ሩ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1898 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ አሳደጓት። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከዚሁ ዘር ተነሥተው 473 ጂን ብቻ ያለው ሕዋስ ሠሩ። የ149ኙ ሥራ ያን ጊዜ አልታወቀም ነበር። ይህን ቁጥር ባሰብኩት ቁጥር እደነቃለሁ፤ ሲሶው ለሠሪዎቹም ምሥጢር ነበር!

ደስታ የተባለው የከብት መቅሠፍት በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የከብት ሳንባ በሽታ ግን ዛሬም በረታችን ውስጥ አለ፤ ያገገመ የመሰለ በሬ ጀርሟን በሳንባው ሸሽጎ ከመንጋው ጋር ይውላልና። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሕያው ነው፤ ቅዝቃዜው ከተቋረጠ ይሞታል፣ የምትወጉትም ባዶ ውኃ ይሆናል። አደራ፣ በከተባችሁ ቀን ኦክሲቴትራሳይክሊን አትውጉ፤ ያ መድኃኒት በሽታዋንና ክትባቷን አይለይም።

ለእኚያ እናት፣ «መድኃኒቱ እውነት ነው፤ ይህችን ግን አያገኛትም» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የቀሩትን ፍየሎች አንድ በአንድ ያዙልኝ።