የእሑድ ማታ መንገድ

(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ዛሬ ላነሣው ያሰብኩት ጉዳይ ታላቅ የፍልስፍና ነገር አይደለም። የመሥሪያ ቤት ሰው ዓርብ ማታ ከከተማ ወጥቶ፣ ቅዳሜንና እሑድን ከዘመድ ጋር አሳልፎ፣ ሰኞ በሁለት ሰዓት ተኩል ከጠረጴዛው ለመድረስ ሲል መኪናውን ብቻውን እየነዳ ስለሚመለስበት መንገድ ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ተራ በሚመስል ነገር ስንት ቤት እንደ ተዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2021 ዓመት ብቻ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ነው። እኔም ከዚህ ቍጥር ውስጥ ለመግባት የቀረኝ ጥቂት ስለ ነበረ፣ የደረሰብኝን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

በ2005 ዓ.ም. በወርኃ ጥር የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበረና ወደ አዋሳ ወረድኩ። ስሄድ ታናሽ ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ ሲያጫውተኝ መንገዱ መንገድ አልመሰለኝም ነበር። ዓርብ ሌሊት በዝግጅት፣ ቅዳሜ ሌሊት በዘፈን አለፈ፤ በሁለቱ ሌሊት የተኛሁት ቢደመር ሰባት ሰዓት አይሞላም። እሑድ ከምሳ በኋላ ወንድሜ ለመልሱ ሲቀር፣ እኔ ሰኞ ጧት ስብሰባ ስላለብኝ የመኪናዬን ቍልፍ አንሥቼ ተነሣሁ። አክስቴ እስከ በሩ ተከትላኝ፣ «ልጄ፣ ዓይንህ ቀልቷል፤ እዚሁ እደርና ጎሕ ሲቀድ ሂድ» አለችኝ። እኔም እየሳቅሁ፣ «አክስቴ፣ ይህን መንገድ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ብዬ መለስኩላት። ቀልድ ነበረ፤ ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቀልዱ እውነት ሊሆን ሆነ።

ከአዋሳ እስከ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሻሸመኔን እስካልፍ ድረስ ባጃጁ፣ ጋሪውና እግረኛው አላስተኛኝም፤ ግርግር ለነጂ ከቡና ይበልጣል። አርሲ ነገሌን ካለፍኩ በኋላ ግን መንገዱ ቀጥ አለ፤ የላንጋኖ ሐይቅ በቀኜ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ በግራዬ ሆኑ፤ ግራርም ከግራር እየተከተለ ያልፋል። የሚያነጋግረኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ አዛጋሁ፤ ቀጥሎ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁ፤ ጉንጬን በጥፊ መታሁ። ያለፍኩትን መንደር ለማስታወስ ብሞክር እንዴት እንዳለፍኩት ጠፋኝ። ያን ጊዜ መቆም ይገባኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ሰው ከቤቱ አቅጣጫ ፊቱን ካዞረ በኋላ መቆም ሽንፈት ይመስለዋልና፣ «ዝዋይ ስደርስ ቡና እጠጣለሁ» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ቡልቡላ አጠገብ የጎማ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መኪናዬ ከአስፋልቱ ወጥቶ በጠጠሩ ላይ ይሮጣል። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረግጬ ስቆም፣ ከፊቴ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሁለት ላሞች የሚነዳ አንድ ትንሽ ልጅ ቆሞ ያየኛል። ልጁ አልጮኸም፤ አልሰደበኝም። ወደ መስኮቱ ቀርቦ፣ «ጋሼ፣ ታመሙ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። አድማጮቼ ሆይ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ልጅ ጥያቄ አንገቴን ያስደፋኝ ግን የለም። አልታመምኩም ነበርና የምመልሰው አጣሁ።

እግሬ እየተንቀጠቀጠ እዚያው መንደር ሻይ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀመጥኩ። ነገሩን ብነግራት፣ «ወንድሜ፣ መንገዱ እንደሆነ ነገም እዚሁ ነው» አለችኝ። ለባለቤቴ ስልክ ደወልኩና ጥቂት አሸልቤ፣ በዝግታ እስከ ዝዋይ ብቻ ነድቼ እዚያ አደርኩ።

ኋላ ነገሩን ስመረምር፣ የእንቅልፍ ጉልበት ከወኔ እንደሚበልጥ ሊቃውንት በሚገባ ያረጋገጡት ሆኖ አገኘሁት። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1997 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ አሥራ ሰባት ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ንቃቱ የሚደክመው በብዙ አገሮች ከነጂነት የሚያሳግደውን ያህል መጠጥ እንደ ጠጣ ሰው ነው። እኛ ግን የሰከረ ሰው መሪ ሲይዝ ብናይ እንቆጣለን፤ ያልተኛውን ሰው «ጎበዝ ነው» እንለዋለን። ደግሞም የእንቅልፍ ስርቆት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይበቃዋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ነጂው ለአራት ሰከንድ ዓይኑን ቢከድን ወደ 90 ሜትር ያህል መኪናው ያለ ባለቤት ሄደ ማለት ነው። በዘጠና ሜትር ውስጥ ስንት ልጅና ስንት ላም ሊገኝ እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ መንገዶቻችን ተሻሽለዋል። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2014 ተከፍቷል፤ ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደውም በየክፍሉ እየተሠራ አገልግሎት ጀምሯል። ነገር ግን የተስተካከለ መንገድ ከጉድጓድ እንጂ ከእንቅልፍ አያድንም፤ እንዲያውም ቀጥ ያለና ጸጥ ያለ መንገድ ለድካም አልጋ ያነጥፍለታል። በአውሮጳ ኅብረት በ2006 የወጣው ደንብ የከባድ ጭነትና የአውቶቡስ ነጂ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። የገዛ መኪናውን ብቻውን ለሚነዳ ሰው ግን ከጎኑ ተቀምጦ «አሁን ቁም» የሚለው ተቆጣጣሪ የለውም፤ ስለዚህ ደንቡን ለራሱ ማውጣት ይገባዋል።

እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ይህ ነው። በቂ እንቅልፍ ካላገኘሁ አልነሣም። ከምሳ በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ ሌሊትም ከስምንት ሰዓት እስከ ንጋት ሰውነት በተፈጥሮው የሚዝልበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ በእነዚህ ሰዓቶች ረጅም መንገድ አልጀምርም። በየሁለት ሰዓቱ ወርጄ እግሬን አፍታታለሁ። ካዛጋሁና ያለፍኩበት መንገድ ከጠፋኝ፣ መስኮት በመክፈትና ሬዲዮ በማስጮህ አልታለልም፤ ሰውና ብርሃን ካለበት ስፍራ ቆሜ ሃያ ደቂቃ ያህል እተኛለሁ። ቡናም ብጠጣ ኃይሉ የሚሠራው ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ መሆኑን አውቄ፣ ጠጥቼ አሸልባለሁ እንጂ ጠጥቼ አልሮጥም።

ሰኞ ዕለት ከመሥሪያ ቤት የደረስኩት በአራት ሰዓት ነበር። ስብሰባው ያለ እኔ ተደርጎ አልቋል፤ አለቃዬም ከዓመት ፈቃዴ ግማሽ ቀን ቀነሱብኝ። ልክ ነበሩ፤ አልተከራከርኩም። በዕድሜዬ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ እንደዚያ ግማሽ ቀን በርካሽ ያገኘሁት የለም። ቢሆንም አለቆች ለሆናችሁ አድማጮቼ አንድ ልመና አለኝ፤ ሰኞ ጧት የዘገየ ባልደረባችሁን ከመገሠጻችሁ በፊት፣ ሌሊቱን ሲነዳ ከማደር መዘግየቱን መርጦ እንደ ሆነ ጠይቁት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አበው። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ነፍስ ግን አይለቀምም። እንግዲህ በመጪው እሑድ ወደ ቤታችሁ የምትመለሱ ሁሉ፣ የሚጠብቃችሁ ቤተሰብ የሚሻው ቶሎ መድረሳችሁን ሳይሆን መድረሳችሁን መሆኑን አትርሱ።

በሰላም ያግባችሁ።