የድሮው ፋይል ምን ይሁን?

— እዚህ ቶሮንቶ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጻፈ የእድር ደንብ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ ታውቃለህ? ፎንቱ ከሌለህ ገጹ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነው!

— እንዴታ! ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ዳንኤል ያዕቆብ ኮንቨርት ኢትዮፒክ የተባለውን ነጻ መቀየሪያ የሠራው ለዚህ ነው።

— ለመቀየሪያው አዲስ ትልቅ ስሪት ቢታቀድለት ምን ይቅደም ትላለህ?

— ፍጥነቱ ይቆየኝ። በአንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ይከፍለው ነበር። ጽሑፉ ብቻውን ሲገለበጥ የፎንቱ ስም ይጠፋል፤ ያው ቁጥር ሁለት ፊደል ይሆናል። ስለዚህ አዲሱ ስሪት ፎንቱንም አብሮ ይቀበል።

— መቀየሪያውን የሚጠቀሙ የድሮ ፕሮግራሞች አይሰናከሉም?

— ይሰናከላሉ፤ ትልቅ ስሪት የሚባለውም ለዚህ ነው። ያልገባውን ምልክት ግን ዝም ብሎ አይጣል።

— አዎ፣ ከመዋጮው አንቀጽ አንድ ፊደል ቢወድቅ መከራዋን የምታየው ገንዘብ ያዧ ናት!