መንስኤው ያልታወቀ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት

በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በተከፈተባት በጎንደር ስለ ጤና እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ፈሳሽ ከቦ ይኖራል። በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይመነጫል፤ ያንኑ ያህል ወደ ደም ይመለሳል። ዕጢ፣ የቲቢ ማጅራት ገትር፣ በአንጎል ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ግፊቱን ከፍ ያደርጉታል። ርዕሳችን እነዚህ ሁሉ ተፈልገው ሲታጡ የሚቀረው ሕመም ነው።

ከዚያ በፊት ግን የግፊቱ ምልክት ስለሚታይበት ስለ ዓይን ጥቂት ልበል። ተማሪዎቼ “ደግሞ ጀመረ” እንደምትሉ አውቃለሁ። ከደባርቅ በኩል የመጣች አንዲት ወጣት እናት ራሷን በሻሽ ጥፍንግ አድርጋ አስራ ነበር። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ጠጥታለች፤ ጠበልም ተጠምቃለች። ጎንበስ ስትል ለቅጽበት ይጨልምባታል፤ ጆሮዋ ከልቧ ትርታ ጋር ውሽ ውሽ ይላል። ሲቲ ስካኑ ዕጢ አላሳየም። በመመልከቻው መብራት ዓይኗን ሳየው ግን ጥርት ማለት የነበረበት የእይታ ነርቩ ጠርዝ አብጦ ደብዝዟል።

ቀጥሎ የፈሳሹን ግፊት ለመለካት የጀርባ ውሃ መቅዳት ነው። “ሽባ ያደርጋል” ብላ እምቢ አለች። ባሏን ጠርቼ መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች መሆኑን በራሱ ወገብ ላይ አሳየሁት፤ እሱ ነው ያግባባት። ግፊት መለኪያ ከሌላችሁ የግሉኮስ ቱቦ ከመርፌው ጋር ገጥማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ውሃው የወጣበትን ከፍታ በሜትር ለኩ። ታካሚዋ በጎኗ ትተኛ፣ ትረጋጋ፤ ተቀምጣ የተለካ አያስተማምንም። በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነውና ዋናውን ነገር ላሩጠው። ሕመሙ የሚበዛው በመውለጃ ዕድሜ ባሉ፣ ክብደት በጨመሩ ሴቶች ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሳይንስ ገና አልቋጨውም። ለግርሻ የምንሰጠው የቴትራሳይክሊን ወገንም ግፊቱን ሊያስነሳ ስለሚችል የወሰደችውን መድኃኒት ጠይቁ። ሕክምናው ክብደት መቀነስና አሴታዞላማይድ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መድኃኒቱ ክብደት ከሚቀንስ አመጋገብ ጋር እይታን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ካልታከመ ሊያሳውር ይችላል።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች አደራ፦ ራስ ምታት የጸናባትን ወጣት በማስታገሻ ብቻ አትመልሷት፤ ዓይኗ ይታይ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።