ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ



ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንሥቶ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከ ተፈረመ ድረስ በዘለቀው ጦርነት፣ ነዳጅ በመታጣቱ መቀሌ ውስጥ በየግቢው የቆመው መኪና ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪናውን በቤቱ ፈታትቶ ለማስነሣት የደከመ ባለንብረት ምስጋና ይገባዋል፤ አዲስ ለመግዛት አቅም ያለው ጥቂት ነውና።

በሞተሩ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ የሚያስመሰግን ነው። ካንዴላው ተፈትቶ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨመራል፤ ዘይቱ ከሰረገ በኋላ ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ እንደ ሙጫ የረጋው ቤንዚን ተደፍቶ ካርቡራቶሩ ይታጠባል፤ ባትሪው ይለወጣል። ሞተሩ በተነሣ ዕለት ቤተ ሰቡ እልል ይላል።

አደጋው የሚመጣው ከእልልታው በኋላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። መኪናው ለዓመታት ሲቆም ዘይቱ ውሃ ያዝላል፤ ቱቦው ከውስጥ ይዝጋል፤ ጎሚኒው ይደርቃል። ጉድለቱ በከተማው ሜዳ ላይ አይታወቅም። ወደ ማይጨው ሲጓዙ ግን፣ በአምባላጌ ቁልቁለት ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ዘይቱ ይግላል፤ ያዘለው ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱም ሲረግጡት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ፍሬን ወለል ይነካል።

ስለዚህ ፍሬኑ ከሞተሩ በፊት ይፈታ። ዘይቱ በሙሉ ይለወጥ፤ አየሩ ይውጣ፤ ጎሚኒና ሸራው ይመርመር። የቦሎ ምርመራም ለወረቀቱ ሲባል ብቻ የሚደረግ አይሁን።

እኛ የሙያው ሰዎች ደግሞ ጎረቤታችን መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ባየነው ጊዜ፣ ሳንጠራ ቀርበን ፍሬኑን እንመልከትለት። ሙያችን ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎት ያለው አይመስለኝም።