ብርና ፈርጥ



 በዚህ ምረቃችሁ ላይ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «የእጅ ሥራ የብር ጌጣጌጥ፤ ትናንት፣ ዛሬና ነገ» የሚል ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላድርግ። ይህች በጣቴ የያዝኳት ሽምብራ የምታህል ድንጋይ የደላንታ ኦፓል ናት። ከፊት የተቀመጣችሁ ቀይና አረንጓዴ ስትረጭ ታዩአታላችሁ። አሁን እዚህ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አስገባታለሁ፤ እንመለስባታለን።

ከብሩ ልጀምር። በአማርኛ ገንዘቡም ብር፣ ማዕድኑም ብር ነው። ምክንያቱም አያቶቻችን ገበያ ይዘውት የሚወጡት ጠገራ ብር ራሱ የሚቀልጥ ብር ነበር። በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ መልክ የተመታው ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእኛና ለዐረብ ገበያ ሲመታ የኖረው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀረ። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስመቱም በኋላ ጠገራው ከገበያ አልወጣም። አምባር ያማራት ሴት ጠገራዋን ቆጥራ ለአንጥረኛ ትሰጣለች፤ እሱም አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ክር አድርጎ ስቦ ይሠራላታል። ሥራው ሲያልቅ በሚዛኑ ሌላኛው ሰሐን ላይ የሚቀመጠውም ጠገራ ብር ነው፤ ወቄት የምንለው ልክ የዚያው ክብደት ነውና።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጠገራ ከማቅለጣቸው በፊት አውራ ጣታቸውን በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያሳልፉ ነበር። ትከሻዋ ላይ የልብስ መያዣ ጌጥ አለ፤ ዙሪያውን ዕንቁ ተደርድሮበታል። ነጋዴውም ሳንቲሙ ደህና መሆኑን የሚያረጋግጠው ያን ጌጥ በጣቱ ዳስሶ ነበር። እኔ፣ ወናፍ የምነፋው ልጅ፣ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ፈርጥ በብር ታቅፎ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያየሁት እዚያ፣ ሊቀልጥ በተዘጋጀ ሳንቲም ላይ ነው። ምክንያቱም የእኛ ድሪ፣ አሸንክታብ፣ የኩክ ማውጫ፣ ውበታቸው በአብዛኛው ከብር ክርና ከብር ፍሬ የተገኘ ነው። ጨሌውም ዶቃውም ተበስቶ በክር ይሰካ ነበር እንጂ በብር ቤት ተሠርቶለት የሚቀመጠው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እነዚህን ጌጦች የሠራ እጅ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ተሰድቧል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ እኔም ዘንድ ደርሷል። ዛሬ ስማችሁ ሲጠራ እናቶቻችሁ እልል ሲሉ ሰማሁ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ይህን ሳያዩ ነው ያለፉት።

አሁን ወደ ድንጋዩ። በ2000 ዓ.ም. በወሎ፣ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ተገኘ። ከዚያ በፊት ከመንዝ የመጣ ቡናማ ኦፓል እናውቅ ነበር፤ መሰንጠቅ ስለሚወድ ብዙ አልገፋንበትም። የደላንታው ሌላ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ በተፋው አለት ውስጥ፣ ገደል ላይ ባለ ቀጭን ንብርብር ይገኛል። የአካባቢው ወጣቶች ገደሉን በዶማና በመሮ እየቦረቦሩ ያወጡታል፤ ናዳ የቀጠፈውም አለ። ቀለበት ላይ አንዲት ፈርጥ ስታዩ ይህን አስቡ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት የሠራሁላትን ቀለበት ይዛ መጣች። «ድንጋዩ ሞተብኝ» አለችኝ። አየሁት፤ እንደ ተራ መስተዋት ጠርቷል፤ አንድም ቀለም የለበትም። ምን ስትሠራ እንደዋለች ብጠይቃት የሠርግ ጥሬ ሥጋ ስታጥብና ሊጥ ስታቦካ ነው የዋለችው፤ ቀለበቷን አላወለቀችም። እሳት አታስጠጊው፣ ፀሐይም አታሳይው፣ ነጠላ ጠቅልለሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው አልኳት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ እጇን ዘርግታ ስታሳየኝ ቀዩም አረንጓዴውም ተመልሷል። አለቀሰች፤ ቀለበቱ የእናቷ መታሰቢያ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ድንጋይ በሚዛን ተከታትዬዋለሁ፤ ለዓመታት። ቀለሙ ቀለም አይደለም። እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች በረድፍ ተደርድረው ብርሃኑን ሲበትኑት ነው። በኳሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ውኃ ሲጠጣ ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል፤ ድንጋዩ ይጠራል። ውኃው ቀስ ብሎ ሲወጣ ቀለሙ ይመለሳል። ክብደቱም እስከ አንድ አሥረኛ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ እናንተ ድንጋይ በግራም ስትገዙ ደርቆ ይመዘን በሉ፤ አለዚያ የውኃ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ውኃ የጠጣ ድንጋይ ሌላም ይጠጣል። የጸጉር ቅቤ፣ ሂና፣ ሽቶ፣ የበርበሬ ቀለም ይገባበታል፤ እነዚህ ደግሞ እንደ ውኃ አይወጡም።

ይህ ሁሉ የሥራውን ቅደም ተከተል ይወስናል፤ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ድንጋዩ የሚገባው መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ከስስ ብር ቁራጭ ወስዳችሁ በድንጋዩ ወገብ ልክ ታጥፋላችሁ። ጫፎቹ ሲገጥሙ ብርሃን ማሳለፍ የለባቸውም፤ መበየጃ ክፍተት አይሞላም። ያን ግድግዳ ከድንጋዩ ቤት ወለል ጋር በመበየጃና በቦራክስ ትበይዱታላችሁ። በአሲድ ታነጡታላችሁ፣ ትሞርዱታላችሁ፣ ታወለውሉታላችሁ፣ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ ታደርቁታላችሁ። ከዚያ ነው ድንጋዩ ደርቆ ወደ ደረቅ ቤቱ የሚገባው። ግድግዳውን በአንድ ወገን ገፋ፣ በተቃራኒው ገፋ፣ ደግሞ በመስቀለኛው፤ በአንድ በኩል ብቻ ከገፋችሁ ድንጋዩ ያዘነብላል። ከዚህ በኋላ እሳት የለም። ቀለበት ለማስፋት የመጣ ደንበኛ ቢለምናችሁም ድንጋዩን ሳታወጡ አትበይዱ። እኔ አንዴ ቸኩዬ ሞክሬዋለሁ፤ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ በመሃሉ የዋርካ ሥር የመሰለ ስንጥቅ ነበር። ከኪሴ ከፍዬ ተካሁ።

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ ስለ ነገ በአጭሩ ልበል። ከወሎ ገደል የሚወጣው ኦፓል ብዙው ሳይቆረጥ ይሄዳል፤ የህንዷ ጃይፑር ቆርጣ፣ አለስልሳ ለዓለም ትሸጠዋለች። መቁረጫ ማሽን ያስፈልገናል፤ የብር ንጽሕና በሕግ ታትሞ የሚወጣበት ማኅተም ያስፈልገናል፤ የሚቆርጠውና የሚያስቀምጠው ባለሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር መሥራት አለባቸው። ሻኪሶ ኤመራልድ አለ፤ እሱ ሌላ ጠባይ ያለው ድንጋይ ነውና ሌላ ቀን ይፈልጋል።

ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን ላንሳት። ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ድንጋይዋ የት እንዳለች አታዩም፤ እኔም ለማግኘት ብርጭቆውን ማዘንበል አለብኝ። ጠርታለች። አሁን አውጥቼ በዚህ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ እስከ ሳምንት እዚሁ ማሳያው ውስጥ ትቆያለች፣ በየቀኑ እየመጣችሁ እዩአት። ለመንካት የምትፈልጉ መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ፤ ቅባት እንዳይኖረው።