ካርዲናሉን ያብጠለጠሉ ወረቀቶች

ፓሪስ ውስጥ፣ ሴን ወንዝ ዳር ባለው የማዛሪን ቤተ መጻሕፍት፣ ማዛሪናድ የሚባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የፖለቲካ በራሪ ጽሑፎች ተቀምጠዋል።

የታተሙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1648 እስከ 1653፣ ፍሮንድ በተባለው አመፅ ወቅት ነው። ንጉሥ 14ኛው ሉዊ ገና ልጅ ነበር፤ አገሪቱን የሚመሩት እናቱ ንግሥት አንና ዋና ሚኒስትሩ ካርዲናል ማዛሪን ነበሩ። የግብሩ ጫና ሕዝቡን አማረረ፤ የፓሪስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኋላም መኳንንቱ፣ ተነሡባቸው።

እስቲ አንዱን በራሪ ጽሑፍ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ትልቅ ወረቀት ሁለት ጊዜ ይታጠፍና ስምንት ገጽ ይወጣዋል። ብዙውን ጊዜ የጸሐፊ ስም የለበትም። አዟሪዎች ፖን ኔፍ ድልድይ ላይ እየጮኹ ይሸጡታል። ግጥሙ፣ ስድቡ፣ አቤቱታው፣ የሐሰት ወሬው ሁሉ አብሮ ይቸበቸባል። ታዲያ ሁሉን እንደ እውነት መውሰድ አይገባም። ለእኔ ግን ዋጋቸው ትልቅ ነው፤ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ሊመዘግበው የማይፈልገውን የመንገድ ላይ ቁጣ ይዘው አቆይተውልናል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማዛሪንን መጻሕፍት ሳይቀር በጨረታ አስሸጦበት ነበር። እሱ ግን አመፁ ሲበርድ ቤተ መጻሕፍቱን እንደገና አደራጀ። ከፓሪስ ሌላ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲም ትልቅ የማዛሪናድ ስብስብ አለው፤ ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው በኢንተርኔት ሊያነበው ይችላል።